ፍሪምባ በስሎው ኩከር፦ አርብ ማታ ተጥዶ ቅዳሜ ጠዋት የሚወጣ

ፍሪምባ የሚፈልግ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ስጋ ቤት ቆማችሁ ብትሰሙ ሰው የሚጠራው ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ሻኛ ነው። ፍሪምባው ወይ በመጥረቢያ ተከትክቶ ለቅቅል ይሸጣል፣ ወይ የኪሎ ማሟያ ሆኖ ከሌላው ጋር ይጠቀለላል፣ እናንተም ቤት ወስዳችሁ ትጠብሱትና ስታኝኩ ስታኝኩ ጉንጫችሁ ይዝላል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ስጋ ሻጩ ከሩቅ ሲያየኝ "ፍሪምባዋ መጣች" ይላል።

ለውጡን ያመጣው ስሎው ኩከር ነው። ለማታውቁት፣ ከውጭ ማሞቂያ አቃፊ፣ ከውስጥ የሚነሳ ከባድ የሸክላ ድስት፣ ከላይ የመስታወት ክዳን ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ሎው፣ ሃይ እና ዋርም የሚል ማዞሪያ አለው። ሎውና ሃይ ጊዜ ከሰጣችኋቸው የሚደርሱበት ሙቀት ያው ነው፣ ሎው ዝግ ብሎ ይደርሳል፣ ሃይ ቶሎ ይደርሳል። ዋርም የበሰለውን ሞቅ አድርጎ ለማቆየት ብቻ ነው፤ በሱ ጥሬ ስጋ እንዳታበስሉ።

የኔን እህቴ ናት ከአሜሪካ ያመጣችልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ስላፈርኩበት እስከ ዛሬ ለሷ አልነገርኳትም። ዕቃው ከአሜሪካ ከሆነ ገልብጣችሁ ስሩን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ የኛ ግድግዳ 220 ነው። እኔ ሳላነብ ሰካሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ በተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተሞላ፣ ሽንኩርቱ ግን ገና አልሞቀም ነበር። ሁለተኛውን በ500 ዋት ትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው። ዕቃው 240 ዋት ስለሆነ 500 ይበቃዋል፣ ያውም ዘና ብሎ። ከዱባይ የሚመጣው ግን በኛው ቮልት ስለሚሠራ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

"ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ስንት ይበላል?" ትሉኛላችሁ። 240 ዋት ለ10 ሰዓት ቢሠራ ቢበዛ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዳችሁ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ ይህንኑ በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ካርዱን የሚጨርስባችሁ ስሎው ኩከሩ አይደለም።

አሁን ወደ ስጋው። ፍሪምባ የከብቱ ደረት ነው። ከብቱ ሲቆምም፣ ሲሄድም፣ ሲያርስም የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ይሄ ጡንቻ ነው፣ ስለዚህ ጅማት የበዛበት ነው። ጅማ ተቀምጦ ጅማት መፍራት አይሆንም፣ ቀልዱን እለፉልኝ። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር ከ70 ዲግሪ በላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል። የቅልጥም መረቅ ሲያድር የሚረጋው በዚሁ ጄላቲን ነው። ፍሪምባ ሲለሰልስ አፍ ላይ የሚጣበቀው፣ ጣት የሚያስልሰው እሱ ነው።

ችግሩ ስጋው ከመለስለሱ በፊት መጀመሪያ ይጠነክራል። አምስተኛው ሰዓት ላይ ከፍታችሁ በሹካ ብትወጉት ከጥሬው የባሰ ግትር ብሎ ታገኙታላችሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "በዛበት፣ ደረቀ" ይልና ያወጣዋል። አልበዛበትም። አነሰው። ሌላ አራት አምስት ሰዓት ቢተዉት ያው ስጋ በማንኪያ ይቆረጥ ነበር።

በዚህ ላይ የቦታው ጉዳይ አለ። የውጭ አሠራሮች "ቴርሞሜትር ሰክታችሁ 96 ዲግሪ ሲሞላ አውጡ" ይላሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እንፋሎት አፍኖ እንደሚይዘው እንደ ፕሬዠር ያለ ድስት ካልሆነ በቀር መረቁ ከዛ አያልፍም፣ መረቁ ውስጥ የተቀመጠው ስጋም አያልፍም። 96 እስኪሆን ብትጠብቁ ፋሲካ ይደርሳል። እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቴርሞሜትር እያየሁ እንግዳ አስርቤያለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ 92 አካባቢ ላይ ስለሚፈላባችሁ ከኛም ትብሳላችሁ። በዛ ላይ የኛ በሬ ሳር በልቶ፣ አርሶ፣ ብዙ ተጉዞ ነው ስጋ ቤት የሚደርሰው። ስለዚህ የውጩ አሠራር በሎው 8 ሰዓት ሲል እኔ 10 እላለሁ። ያረጀ በሬ ከሆነ 12።

የምገዛው ሐሙስ ነው። ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ኮረሪማውንም ሽንኩርቱንም በዛው እጨርሳለሁ፣ አርብ ደግሞ ጾም ነውና ሥጋ የምገዛበት ስጋ ቤት አይከፍትም። ከዛ ሐሙስ ማታ ጨው አሽቼ አርብን ፍሪጅ ውስጥ አውለዋለሁ፣ አርብ ማታ 3 ሰዓት እጥደዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል። አርብ ጾም የማይመለከታችሁ በፈለጋችሁት ቀን ጣዱት፣ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ለአረፋ ሠርተውት ከኔ አሳምረውታል።

ስጋ ቤት ስትደርሱ ግን ቶሎ ተናገሩ፣ ካልተናገራችሁ መጥረቢያው ያርፍበታል።

"ለቅቅል ነው?"

"አይደለም ወንድሜ፣ እንዳትከትፈው። እንዳለ በሙሉው ስጠኝ፣ አጥንቱን ብቻ ለይልኝ።"

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"10 ሰዓት አበስለዋለሁ።"

"እህቴ፣ በ10 ሰዓትማ በሬውን ከነቀንዱ ታበስይዋለሽ!"

ይሳቅ። እናንተ 2 ኪሎ የሚሆን አንድ ወጥ ቁራጭ፣ በአንድ በኩል ስብ የለበሰ ይዛችሁ ውጡ። አጥንቱንም አትተዉለት። 2 ኪሎ ለ6 ሊትር ዕቃ ልክ ነው፤ ዕቃው ከግማሽ በታች ከሆነ ያርራል፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሞላ ደግሞ ለመሞቅ ይዘገያል።

ቤት ስትገቡ ስቡን ሙልጭ አድርጋችሁ እንዳትገፉት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት፣ ከዛ በላይ ያለውን ብቻ አንሱ። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ሥራ አለች፣ ብዙ ሰው ይዘላታል። ጥሬው ላይ የስጋው ክር ወደየት እንደሚሄድ ተመልከቱ። መስመሩ በደንብ ይታያል። ከዛ ከአንዱ ጥግ ክሩን አቋርጣችሁ ቁራጭ አንሱ። ሲበስል ክሩ በግልጽ ስለማይታይ፣ ቅዳሜ ቢላ ስታነሱ ያቺ የተቆረጠች ጥግ አቅጣጫውን ታሳያችኋለች።

ጨው 20 ግራም። በሚዛን። ሚዛን ከሌላችሁ ደቃቅ ጨው በሾርባ ማንኪያ ለጥ አድርጋችሁ አንድ ማንኪያ፣ ሳይቆለል። እንዲህ የማካብደው አርብ ማታ እየጾምኩ ስለምሠራ መቅመስ ስለማልችል ነው። የኛ ሰው ጨው በዓይን ነው የሚጨምረው፣ ከዛ ቀምሶ ያስተካክላል፣ እኔ ጋ ያ የለም። ለ1 ኪሎ 10 ግራም ካላችሁ አይሳሳትም። ከጨው ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬና የ3 ኮረሪማ ፍሬ ወቅጣችሁ እሹት። ኮረሪማውን ከነልጣጩ ግዙት፣ ተፈጭቶ የሚሸጠው ሽታው ግማሹ ሄዷል። ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡት።

አርብ ማታ። ስጋውን ከፍሪጅ አውጡና በንጹህ ጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቁት። እርጥብ ስጋ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት አግሉ፣ እንደ ጢስ ሲል ስጋውን በስቡ በኩል አስቀምጡትና እጃችሁን ሰብስቡ። አታገላብጡት። 5 ደቂቃ ያህል፣ ቡናማ ቅርፊት እስኪይዝ። ከዛ ሌላው ጎን። አንዳንድ ሰው "ይሄ የስጋውን ውሃ ይዘጋል" ይላል፣ አይዘጋም። ለጣዕሙ ነው። ሳትጠብሱ ብትጥዱትም ይለሰልሳል፣ ግን ዝም ያለ የሆስፒታል ምግብ ዓይነት ይሆናል። (የጾመ ሰው አፍንጫ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።)

ስጋውን አንሱና በዛው መጥበሻ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በረጅሙ ከትፋችሁ አቁላሉ። እስኪወረዛ ሳይሆን ቀለሙ እስኪቀየር። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ወቅጣችሁ ጨምሩ፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህም። ድልሁ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና ከስር የያዘውን በእንጨት ማማሰያ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ያ ቡናማ የያዘው ነገር ነው የወጡ ነፍስ።

አሁን የጅማ ጨዋታዬ። ከሰዓት ከተፈላው ቡና ቶናውን 2 ሲኒ አስቀርቼ እጨምርበታለሁ። ስኳርም ጨውም የሌለበት። ከሱ ጋር አንድ ማንኪያ ማር። አትሳቁ። ቡና ቡና አይልም፣ መረቁን ያጠቁረዋል፣ ከስቡ ጋር የሚሄድ ትንሽ መራራነት ይሰጠዋል። አቦሉን ግን እንዳትነኩት፣ አንደኛ ይመራል፣ ሁለተኛ ያሳዝናል። በበርበሬ ለምትፈልጉት ደግሞ ቡናውንና ማሩን ተዉትና ከሽንኩርቱ ጋር 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ አቁላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ተጣሉ።

አጥንቱን ከታች፣ ሽንኩርቱን በላዩ፣ ስጋውን ስቡ ወደ ላይ ሆኖ፣ መረቁን በዙሪያው። መረቁ ከስጋው አንድ ሦስተኛ በላይ መድረስ የለበትም። "ይሄማ አይበቃውም" ብላችሁ ውሃ መጨመር ያምራችኋል። አትጨምሩ። ከስሎው ኩከር ውሃ ተኖ አይወጣም፣ ክዳኑን መትቶ ይመለሳል፣ ስጋው የራሱንም ይለቃል፣ ጠዋት ላይ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፍሪምባው ከዋኘ ቅቅል ነው የሠራችሁት። ደግሞ በረዶ የሆነ ስጋ እንዳታስገቡ፣ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ሳይበስል የመበላሸት ዕድል አለው።

ሎው ላይ አድርጉ። ክደኑት። ሂዱ ተኙ።

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ጎረቤቴ እትዬ የመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ቀን አላምንም አለች። ቡና ልትጠጣ መጥታ በመስታወቱ ታያለች፣ ዘወር ትላለች፣ ተመልሳ ታያለች። ጀበናውን ላነሳ ዞር ስል ክዳኑ በእጇ ነው፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል፣ በሌላው እጇ ማማሰያዬን ይዛለች።

"እትዬ፣ ኧረ አይክፈቱት!"

"ያልተማሰለ ወጥ የት አይተሽ ነው ልጄ? ከስሩ ቢይዝብሽስ?"

አይዝም። የሚሞቀው ከጎኑ ስለሆነና ሙቀቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ማማሰል አይፈልግም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ግን ያ ተጠራቅሞ የነበረው ሙቀት ይወጣል፣ እሱን ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። እትዬ ያን ቀን አራት ጊዜ ከፈተችው፣ ምሳ ወደ መክሰስ ሄደ። ማታ የምጥደው በከፊል ለዚህ ነው፣ ሌሊት ክዳን የሚከፍት ጎረቤት የለም።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። ነቅታችሁ ካያችሁት አትክፈቱት፣ ወፍራም ፎጣ ጠቅልሉበት፣ ሸክላው ሙቀት ይይዛል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ የጠፋችውን ሰዓት ጨምሩለትና ቀጥሉ። ከቆየ ስጋውን ከነመረቁ ወደ ብረት ድስት ገልብጡና ከሰል ላይ ወይም ቡታጋዝ ላይ በትንሽ እሳት ጨርሱት። የሸክላውን ድስት እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ ይሰነጠቃል። ተኝታችሁ ከሆነና መቼ እንደጠፋ ካላወቃችሁ፣ ጠዋት ነክታችሁት ለብ ካለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ያማል ግን ድፉት። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆይ ተሐዋስያን ይራቡበታል፣ እንደገና ማፍላቱም ሁሉንም መርዝ አያጠፋም። ማዞሪያ ያለው ዕቃ መብራት ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል። ዲጂታል የሆኑት ብዙዎቹ ግን ጠፍተው ይቀራሉ፣ እሱን አስቡበት። እኔ ቀላል ዘዴ አለኝ፤ ከጎኑ በዛው ሶኬት ባትሪ የሌለው ርካሽ ዲጂታል ሰዓት ሰክቻለሁ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቁጥሩ ከዜሮ ስለሚጀምር መጥፋቱንም መቼ እንደተመለሰም ያሳብቃል።

ጠዋት 1 ሰዓት። አሁን ክፈቱት። ሹካ መሃል ላይ ሰክታችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ሳይታገል ከዞረ ደርሷል። ሹካው ሲነሳ ስጋው አብሮ ከተነሳ አልደረሰም፣ ክደኑትና ሌላ አንድ ሰዓት። አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

ሲደርስ በቀስታ፣ በሁለት ሰፋ ያለ ማንሻ አንሱት። በአንድ ሹካ ካነሳችሁት መሃል ላይ ይበጠሳል። ትሪ ላይ አድርጋችሁ በፎይል ሸፍኑትና ግማሽ ሰዓት ይረፍ። በትኩሱ ብትቆርጡት ውሃው ሁሉ ትሪው ላይ ይፈሳል። እስከዛ አጥንቱን አውጡና መረቁን ወደ ድስት ገልብጡት፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ግፈፉና ክፍት አድርጋችሁ ለ15 ደቂቃ አንተክትኩት። ስሎው ኩከር መረቅ አያሰባስብም፣ ይሄን ካልሠራችሁ ወጡ ቀጥኖ ይቀራል። ሲወፍር አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል። ቅቤውን ማታ ካስገባችሁት ሽታው ሌሊቱን ያልቃል።

ቅዳሜ ስለሆነ አሁን መቅመስ ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ የምቀምሰው መረቁን ነው፣ ሁለት ቀን ያላየሁትን ጨው ለማየት።

ያቺን የተቆረጠች ጥግ ፈልጉ። ቢላውን በሷ አቅጣጫ፣ ክሩን አቋርጣችሁ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ቁረጡ። ክሩን ተከትላችሁ ብትቆርጡት ያ ሁሉ ሌሊት ገደል ገባ፣ እንደ ገመድ ይሳባል። ከእንጀራ ጋር በመረቁ፣ ከድፎ ዳቦ ጋር በሰናፍጭ፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር፣ ሁሉም ይሄዳል። እኔ ከድፎ ዳቦ ጋር ነኝ።

የተረፈው ከነመረቁ ፍሪጅ ገብቶ 3 ቀን ይቆያል፣ እንደውም ሲያድር ይሻለዋል፣ ስቡም ላዩ ላይ ስለሚረጋ በእጅ ይነሳል። እሁድ ጠዋት በመረቁ ፍርፍር አድርጉት። የሸክላውን ድስት ግን ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሱበት። አንዱን ድስቴን ያጣሁት እንደዛ ነው፣ ቷ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፣ አሁን አንደኛው ግማሽ የእትዬ ዶሮዎች ውሃ መጠጫ ነው።